«ግን» ሲመጣ ምን ይደረግ? ባዶ ቦታ የሚያስሞሉ የቃላት ጥያቄዎችን በተቃርኖ ቃላት የመሥራት መመሪያ

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችም ሆኑ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚቀመጡ ሠራተኞች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ከአማራጮቹ ግማሾቹን ቃላት አላውቃቸውም፤ ታዲያ ባዶ ቦታውን በምን ልሙላው?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገኛል። ጥያቄ አውጪው ከአማራጮቹ አንዱ ብቻ ትክክል እንዲሆን ከፈለገ፣ ያንን ቃል የሚያስገድድ ፍንጭ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ መተው አለበት፤ አለዚያ ሁለትና ሦስት አማራጭ እኩል ትክክል ይሆንበታል። ፍንጭ ከሚተውባቸው መንገዶች መካከል በቀላሉ ዐይን ውስጥ የሚገባው ተቃርኖ አመልካች ቃል ነው፤ በአማርኛ «ግን»፣ «ቢሆንም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ባት» (but)፣ «ኦልዞ» (although)፣ «ዲስፓይት» (despite) የመሳሰሉት ማለት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ ትምህርት ፈተናዎች፣ ለስኮላስቲክ አፕቲትዩድ የቃል ክፍል፣ እንዲሁም ውጭ አገር ለመማር ለሚወሰዱት እንደ ጂአርኢ ላሉ ፈተናዎች ያገለግላሉ። የመጀመሪያዎቹን ምሳሌዎች በአማርኛ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ዘዴውን ትርጉሙ ግልጽ በሆነላችሁ ቋንቋ ከለመዳችሁት፣ ወደ እንግሊዝኛው ስትሻገሩ የሚከብዳችሁ ቃሉ ብቻ ይሆናል፤ አካሄዱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መልሳቸው የታወቀ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች። መልስ በሌለው ወረቀት ስትለማመዱ የተሳሳተ አካሄድ ትክክል መስሏችሁ ሊጸናባችሁ ይችላል።
- እርሳስና ላጲስ። ዐረፍተ ነገሩ ላይ ስለምታከብቡና ስለምታሰምሩ፣ በእስክሪብቶ ከሠራችሁበት ወረቀቱ ለድጋሚ ልምምድ አይሆንም።
- አማራጮቹን የምትሸፍኑበት ቁራጭ ወረቀት።
- ለቃላት ብቻ የተለየ ደብተር።
- ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታና የአጠቃቀም ምሳሌ ያለው መዝገበ ቃላት። ወደ አማርኛ የሚፈታው ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ ምን ያህል ጠንካራ ወይም ለዘብተኛ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያሳይምና ደረጃ 6 ላይ ትቸገራላችሁ።

ሰዓት አሁን አያስፈልግም። ደረጃዎቹ ሳይለመዱ ሰዓት መያዝ ግምትን ከማፋጠን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 1፦ አማራጮቹን ሸፍኑ

ጥያቄውን ከማንበባችሁ በፊት ቁራጩን ወረቀት አማራጮቹ ላይ አድርጉ። የተሳሳቱት አማራጮች ዝም ብለው የተደረደሩ አይደሉም፤ አንዱ ከርዕሰ ጉዳዩ ጋር የሚሄድ፣ ሌላው ከዐረፍተ ነገሩ ቃላት የአንዱ ተመሳሳይ፣ ሌላው ደግሞ ከባድ ስለሆነ ብቻ ትክክል የሚመስል ይሆናል። አስቀድማችሁ ካያችኋቸው ዐረፍተ ነገሩን የምታነቡት ከመካከላቸው አንዱን ለማጽደቅ እየፈለጋችሁ ነው፤ ያን ጊዜ ፍንጩ ከፊታችሁ ተቀምጦ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡና ተቃርኖ አመልካቹን አክብቡ

ባዶ ቦታው ላይ ስትደርሱ አትቁሙ። ፍንጩ ብዙ ጊዜ ከባዶ ቦታው በኋላ ስለሚመጣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ መሄድ ግድ ነው። ተቃርኖ አመልካቾቹን በሚሠሩት ሥራ ለይታችሁ ብትይዟቸው ከዝርዝር ሽምደዳ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ፣ ሁለት ሐሳቦችን ፊት ለፊት የሚያጋጥሙ ናቸው፦ «ግን»፣ «ነገር ግን»፣ «ሆኖም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ዳሩ ግን»፤ በእንግሊዝኛ «ባት»፣ «የት» (yet)፣ «ሀውኤቨር»፣ «ኔቨርዘለስ»። እነዚህ መካከል ላይ ስለሚቀመጡ ለማየት አያስቸግሩም።

ሁለተኛዎቹ አንዱን ነገር አምነው ተቀብለው ከእርሱ የማይጠበቀውን የሚያስከትሉ ናቸው። በአማርኛ በግሱ ላይ ይለጠፋሉ፦ «ቢደክምም»፣ «ባይማርም»፣ «ምንም እንኳ ቢታመም»። «እያለ» እና «ሳለ» የሚሉትም አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ «መኪና እያለው በእግሩ ይሄዳል» እንደምንለው። በእንግሊዝኛ «ኦልዞ»፣ «ኢቭን ዞ»፣ «ዲስፓይት»፣ «ኢን ስፓይት ኦፍ» ናቸው። ከእነዚህ ተጠንቀቁ። እንግሊዝኛው ላይ ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን የሚጀምሩት እነርሱ ስለሆኑና መካከል ላይ ከኮማ በስተቀር ሌላ ምልክት ስለማይኖር፣ አንባቢው ኮማው ጋ ሲደርስ ተቃርኖ መኖሩን ይዘነጋል።

ሦስተኛዎቹ አንዱን አውጥተው ሌላውን የሚተኩ ናቸው፦ «ሳይሆን»፣ «እንጂ»፣ «ከ… ይልቅ»፤ በእንግሊዝኛ «ኢንስቴድ ኦፍ»፣ «ራዘር ዛን»። አራተኛዎቹ ሁለት ሰዎችን ወይም ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን የሚያቆሙ ናቸው፦ «በአንጻሩ»፣ «በተቃራኒው»፣ «በሌላ በኩል»፤ በእንግሊዝኛ «ዋይል»፣ «ዌራዝ»፣ «አንላይክ»።

አምስተኛዎቹ ራሳቸውን የደበቁ ናቸው፤ የከበዱ ፈተናዎች ጥያቄያቸውን የሚያወጡት ከእነዚህ ነው። በአማርኛ «ድሮ… ዛሬ»፣ «በአደባባይ… በጓዳ»፣ «ላይ ላዩን»፣ «መስሎ»፤ በእንግሊዝኛ «ሲሚንግሊ»፣ «ሰርፕራይዚንግሊ»፣ «አይሮኒካሊ» እና የቀድሞ ጊዜን የሚያመለክተው «ዋንስ» እዚህ ይመደባሉ። «ቢላይ» (belie) የሚለው ግስ ደግሞ ተቃርኖውን በሆዱ ይዞ ይዞራል፦ የሰው ፊት ውስጡን «ቢላይ» አደረገ ከተባለ፣ ፊቱ ከውስጡ የተለየ ነገር አሳየ ማለት ነው። «ግን» የሚል ቃል የትም ባይኖርም ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት ተከፍሏል።

ደረጃ 3፦ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ቁረጡና ፍንጩን አስምሩበት

ያከበባችሁት ቃል ላይ ወይም ኮማው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስጡ። አሁን ባዶ ቦታ ያለበት ወገንና የሌለበት ወገን ተለይተዋል። ባዶ ቦታ ከሌለበት ወገን ሰውን ወይም ነገሩን በይበልጥ የሚገልጸውን ቃል ወይም ሐረግ ፈልጋችሁ አስምሩበት። ይህን ምሳሌ ተመልከቱ፦

ነጋዴው በጎረቤቶቹ ዘንድ በቸርነቱ ቢታወቅም፣ ለገዛ ቤተሰቡ ግን ______ ነበር።
ሀ. ለጋስ ለ. ቋጣሪ ሐ. ቁጡ መ. ሀብታም

ተቃርኖ አመልካቾቹ «ቢታወቅም» እና «ግን» ናቸው። መስመሩ ኮማው ላይ ያርፋል። በግራ ወገን ሰውየውን የሚገልጸው ቃል «ቸርነት» ነው፤ «ነጋዴ» እና «ጎረቤት» ፍንጭ አይደሉም፣ ምክንያቱም ስለ ጠባዩ የሚነግሩን ነገር የለም። ይህን የማስመር ልማድ የያዘ ተማሪ «ሀብታም» የሚለውን አያነሣውም። «ነጋዴ» የሚለው ቃል ወደ ሀብት ቢስበውም፣ ፍንጩ የሚናገረው ስለ መስጠትና ስለ መንፈግ ብቻ መሆኑን ያያል።

አንዳንድ ጊዜ ፍንጩ ከባዶ ቦታው ጋር በአንድ ወገን ይሆናል፦ «ወንድሟ ላገኘው ሁሉ ምስጢሩን ያወራል፤ እርሷ ግን ዝምተኛና ______ ናት።» እዚህ ባዶው «ዝምተኛ» ከሚለው ጋር በ«ና» ስለተያያዘ ከእርሱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ የሚቃረነው «ያወራል» ከሚለው ጋር ነው። «ቁጥብ» ቢባል ይስማማል። ቅርብ ያለውን ቃል ብቻ አይቶ የ«ዝምተኛ»ን ተቃራኒ የሚፈልግ ሰው «ለፍላፊ» ብሎ ይወድቃል። ተቃርኖ አመልካቹ የሚለያየው በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ወገኖች ነው፤ በአንድ ወገን ውስጥ ያሉ ቃላት ግን ይስማማሉ።

ደረጃ 4፦ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ስጡ፤ አሉታዎችን ቁጠሩ

ካሰመራችሁበት ፍንጭ በላይ፣ የሚመሰገን ነገር ከሆነ የመደመር፣ የሚነቀፍ ከሆነ የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከፍንጩ ጀምራችሁ ወደ ባዶው ስትሄዱ የምታገኙት እያንዳንዱ አሉታና እያንዳንዱ ተቃርኖ ምልክቱን አንድ ጊዜ ይገለብጠዋል። «አይደለም»፣ «አል-»፣ «ባይ-»፣ «ያለ» እና እንግሊዝኛው «ኖት»፣ «ሃርድሊ»፣ «ፋር ፍሮም» አሉታዎች ናቸው። «ቢታወቅም… ግን» እንደሚለው ጥንድ ሆነው የሚመጡ አመልካቾች ግን አንድ ተቃርኖ ናቸውና ሁለት ጊዜ አትቁጠሯቸው።

አዲሱ ዳይሬክተር በሥራቸው ቸልተኛ ባይሆኑም፣ ቀጠሮ በማክበር ረገድ ግን ______ ናቸው።
ሀ. ትጉ ለ. ዝርክርክ ሐ. ጥንቁቅ መ. ርኅሩኅ

«ቸልተኛ» መቀነስ ነው። «ባይሆኑም» የሚለው አሉታና ተቃርኖን በአንድ ቃል ይዟል። አሉታው መቀነሱን ወደ መደመር ይለውጠዋል፤ ዳይሬክተሩ ቸልተኛ አይደሉም፣ ማለትም ተመስግነዋል። ተቃርኖው ደግሞ መልሶ ወደ መቀነስ ይወስደዋል። ስለዚህ የምንፈልገው የሚነቀፍ ቃል ነው፤ መልሱ «ለ» ይሆናል። ይህን በጭንቅላት ብቻ ለመሥራት የሚሞክሩ ተማሪዎች «ቸልተኛ» የሚለውን ያዩና ተቃራኒውን «ትጉ»ን ይመርጣሉ፤ አሉታዋን አላዩአትም። ምልክቱን በእርሳስ ጻፉት፤ ይህን ዓይነቱን ስሕተት የሚያስቀረው ያ ነው።

ምስጋናም ነቀፋም የሌለበት ፍንጭም ያጋጥማል፤ ረጅምና አጭር፣ ጥንታዊና ዘመናዊ፣ ግልጽና ስውር። ያን ጊዜ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አያስፈልግም፤ «ይረዝማል»፣ «ያጥራል» ብላችሁ በአጭሩ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ የራሳችሁን ቃል ባዶ ቦታው ላይ ጻፉ

አማራጮቹ አሁንም እንደተሸፈኑ ናቸው። በመጀመሪያው ምሳሌ «ንፉግ» ወይም «እጁ የማይፈታ» ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ፤ ቃሉ ውብ መሆን የለበትም፣ ሐረግም ቢሆን ይበቃል። የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሲሆን ቃሉን በአማርኛ ብትጽፉት ምንም አይደለም፤ የሚፈለገው ሐሳቡ ነው። ይህን ደረጃ ጊዜ ለማትረፍ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ዋጋው የሚታየው ግን አማራጮቹ ሲከፈቱ ነው። በእጃችሁ መለኪያ ከሌለ እያንዳንዱን አማራጭ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እያስገባችሁ «ይሄስ ያስኬድ ይሆን?» ማለት ትጀምራላችሁ፤ ብዙ ሲነበብ ደግሞ ሁሉም ያስኬዳል።

ደረጃ 6፦ አማራጮቹን ክፈቱና በሦስት ማጣሪያ አሳልፏቸው

የመጀመሪያው ማጣሪያ አቅጣጫ ነው። ምልክታቸው ከሚፈለገው ጋር የማይገጥመውን ሰርዙ፤ በነጋዴው ምሳሌ «ለጋስ» ወዲያው ይወጣል። ሁለተኛው ማጣሪያ መስመር ነው። «ቁጡ» የሚነቀፍ ጠባይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያልፋል፤ ነገር ግን የቸርነት ተቃራኒ ቁጣ አይደለም። ተቃራኒ ቃላት በአንድ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ መስጠትና መንፈግ፣ መፍጠንና መዘግየት፣ መናገርና ዝም ማለት። የተሳሳተ መልስ ሰጥተው «ይኼም እኮ መጥፎ ጠባይ ነው» ብለው የሚከራከሩኝ ተማሪዎች በአብዛኛው የሚወድቁት በዚህ ማጣሪያ ነው። «ቋጣሪ» ሁለቱንም ያልፋል።

ሦስተኛው ማጣሪያ መጠን ነው፦

ተመልካቹ ተውኔቱን በጭብጨባ ቢቀበለውም፣ ሐያሲዎቹ ግን ______።
ሀ. አደነቁት ለ. ነቀፉት ሐ. ረገሙት መ. አዩት

«ነቀፉት» እና «ረገሙት» ሁለቱም አቅጣጫውንና መስመሩን ያልፋሉ። ጭብጨባ መልካም አቀባበል ነው እንጂ አምልኮ አይደለም፤ ስለዚህ በሌላው ወገን የሚመጣውም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። «ረገሙት» ለማለት ዐረፍተ ነገሩ ሌላ ፍንጭ ሊሰጠን ይገባ ነበር። ሁለት አማራጭ ሲቀርና መለየት ሲያቅት፣ ከፍንጩ ጋር በጥንካሬ የሚመጣጠነውን ምረጡ።

የማታውቁት ቃል ከአማራጮቹ ውስጥ ካለ አትሰርዙትም፣ አትመርጡትምም፤ የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና እለፉት። የምታውቋቸው ሁሉ ከተሰረዙ የቀረው የማታውቁት ነው፤ ትርጉሙን ሳታውቁ መርጣችሁታል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የሚሠራው ግን የሌሎቹን ትርጉም በትክክል ስታውቁ ብቻ ስለሆነ የቃላት ጥናትን አይተካም።

ደረጃ 7፦ ቃሉን አስገብታችሁ እንደገና አንብቡ

ድምፅ ሳታሰሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። የምትፈትሹት ሁለት ነገር ነው፦ ተቃርኖው አሁንም አለ ወይ? ሰዋስዉስ ይገጥማል ወይ? ሁለቱም ደህና ከሆኑ መልሱን አጥቁሩና ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ያለ አዲስ ምክንያት አትመለሱበት።

የእንግሊዝኛ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ጥያቄው በ«ኦልዞ» ይጀምርና የሚኒስትሩ ንግግር «ብሪፍ» እንደነበረ ይናገራል እንበል። ከኮማው በኋላ ከንግግሩ ቀጥሎ የተካሄደው የጥያቄና መልስ ጊዜ እንዴት እንደነበር የሚገልጸው ቅጽል ባዶ ነው። አማራጮቹ «ኮንሳይስ»፣ «ሆስታይል»፣ «ፕሮትራክትድ» እና «ፐብሊክ» ናቸው።

«ኦልዞ» ይከበባል፤ መስመሩ ኮማው ላይ ያርፋል። ፍንጩ «ብሪፍ» ነው፣ አጭር ማለት ነው። አሉታ የለም፤ ተቃርኖ አንድ ነው፤ ስለዚህ «ይረዝማል»። በአማርኛ «የተራዘመ» ብለን ጻፍን። አማራጮቹን ስንከፍት «ኮንሳይስ» የፍንጩ ተመሳሳይ ነውና ይወጣል። «ሆስታይል» ፈታኙ ነው፤ ለባለሥልጣን የሚቀርብ ጥያቄ ጠብ ያለበት ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም ስለምናውቅ እጃችን ወደ እርሱ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የማጠር ተቃራኒ ጠበኝነት አይደለም፤ ሁለተኛው ማጣሪያ ላይ ይወድቃል። «ፐብሊክ»ም መስመሩ ላይ የለም። የቀረው «ፕሮትራክትድ» ነው፤ ቃሉን ከዚህ በፊት አይታችሁት ባታውቁም መልሱ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ተቃርኖ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ቃላት ተቃርኖ አመልካች ቃል በውስጣቸው ይዘው ተቃርኖ አይሠሩም። በዚህ ክፍል ቸኩላችሁ አትለፉ፤ ደረጃዎቹን በደንብ የለመደ ተማሪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«ደራሲው በልብ ወለዶቹ የተመሰገነ ብቻ ሳይሆን፣ በግጥሞቹም ______ ነው» በሚለው ውስጥ «ሳይሆን» አለ፤ ነገር ግን «ብቻ» ከፊቱ ስለመጣ ሥራው መጨመር ሆኗል። ባዶው «የተደነቀ» እንጂ «የተነቀፈ» አይሆንም። የእንግሊዝኛው «ኖት ኦንሊ… ባት ኦልሶ»ም እንዲሁ ነው። «ይቅርና» ደግሞ ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚወርድ ነው፦ «መሮጥ ይቅርና ______ እንኳ አቅቶታል» ሲባል የሚገባው ከመሮጥ የቀለለ፣ በዚያው መስመር ያለ «መራመድ» ነው፤ «መተኛት» ብሎ ተቃራኒ መፈለግ ስሕተት ነው።

በእንግሊዝኛ «ባት» ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ትርጉሙ ይለወጣል። «ናቲንግ ባት» ማለት «ብቻ» ነው፤ «ኦል ባት» ማለት «ሊሆን ጥቂት የቀረው» ነው፤ «ኤኒቲንግ ባት» ግን «በፍጹም አይደለም» የሚል ጠንካራ አሉታ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ያዟቸው። «ዋይል» ጊዜንም ተቃርኖንም ስለሚያመለክት፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ወይም ነገሮች ተነጻጽረው እንደሆነ ወይስ ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ ተፈጽመው እንደሆነ ጠይቁ። «የት» ከአሉታ ጋር ሲመጣ «ገና» ማለት ነው፤ ተቃርኖ የለበትም። በተገላቢጦሹ ዐረፍተ ነገር የሚጀምረው «ፎር ኦል» ምንም ተቃርኖ ባይመስልም ብዙ ጊዜ የ«ዲስፓይት»ን ሥራ ይሠራል፤ በሁለት ቅጽሎች መካከል ብቻውን የሚገባው «ኢፍ»ም «ቢሆንም» የሚል ትርጉም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ባዶው ራሱ ተቃርኖ አመልካቹ ሲሆን

በእንግሊዝኛ ትምህርት ፈተና ላይ ሁለቱ ሐሳቦች ተሰጥተው አያያዡ ቃል ብቻ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። አማራጮቹ ሁሉም ተቃርኖ አመልካች ከሆኑ ትርጉም አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ከኋላቸው የሚመጣው ነገር ነው። «ኦልዞ» ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ሐረግ ይከተለዋል። «ዲስፓይት» እና «ኢን ስፓይት ኦፍ» ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ይከተላቸዋል። «ሀውኤቨር» ሐሳቦችን ሲያያይዝ ከነጥብ (.) ወይም ከድርብ ሰረዝ (;) በኋላ ይመጣና ራሱ ኮማ ይከተለዋል። «ከባድ ዝናብ» የሚል ስም ብቻ ከባዶው በኋላ ካለና ከኮማው ቀጥሎ ጨዋታው መቀጠሉ ከተነገረ፣ መልሱ «ዲስፓይት» ወይም «ኢን ስፓይት ኦፍ» ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ የሚሠራቸው ሁለት ስሕተቶች እዚህ አሉ። አማርኛ «ቢዘንብም… ግን» ብሎ ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባት ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ» ብሎ ከጀመረ መካከል ላይ «ባት» አይጨምርም። ሁለተኛው «ኢን ስፓይት ኦፍ» ከሚለው ጋር በማምታታት «ዲስፓይት ኦፍ» ማለት ነው፤ ይህ አማራጭ ውስጥ ካገኛችሁት ሰርዙት።

ሁለትና ሦስት ባዶ ቦታ ሲኖር

ሰፈሩ ድሮ ______ ነበር፤ ዛሬ ግን ______ ሆኗል።
ሀ. ጭር ያለ – ጸጥ ያለ ለ. ጭር ያለ – የደመቀ ሐ. ሰፊ – የደመቀ መ. የደመቀ – የሞቀ

ከባዶዎቹ ውጪ ፍንጭ የለም፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው በአንድ መስመር የሚቃረኑትን ጥንድ ብቻ እንፈልጋለን። «ሀ» እና «መ» ተመሳሳይ ጥንዶች ናቸው፤ «ሐ» መስመር አይጋራም፤ መልሱ «ለ» ነው። ሌላ ፍንጭ ሲኖር ግን ከመጀመሪያው ባዶ መጀመር ግዴታ አይደለም። ፍንጭ የቀረበውን ባዶ አስቀድማችሁ ሙሉ፤ ያ የሞላችሁት ለሌላው ፍንጭ ይሆናል።

ጂአርኢ ለምትወስዱ ይህ በጣም ያስፈልጋችኋል። አንድ ባዶ ያለው ጥያቄ አምስት አማራጭ ሲኖረው፣ ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ያለው ለእያንዳንዱ ባዶ ሦስት ሦስት አማራጭ ይሰጣል፤ ሁሉም ካልተመለሱ ግማሽ ነጥብ የለም። ከስድስት አማራጭ ሁለት የሚያስመርጠው ዓይነት ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ተመሳሳይ ትርጉም የሚያሰጡ ሁለት ቃላት ይፈልጋል። እዚያ አማራጮቹን ቀድሞ አይቶ ተመሳሳይ ጥንድ መፈለግ አደገኛ ነው፤ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ነገር ግን ወደተሳሳተው አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ቃላት ሊቀመጡ ይችላሉና። አሜሪካ ላሉ ተማሪዎች፣ በኮምፒዩተር የሚሰጠው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ባዶ ቦታውን በአጭር አንቀጽ ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ተቃርኖ አመልካቹን ከባዶው ዐረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን ከቀደመው ዐረፍተ ነገርም ፈልጉ።

ሌሎች የተለመዱ ስሕተቶች

- ከባዱን ቃል መምረጥ። የቃል ክብደት ማስረጃ አይደለም፤ ማጣሪያውን ካላለፈ ያው ስሕተት ነው።
- ተቃርኖ በሌለበት ተቃርኖ ማስገደድ። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «እንዲሁም» ከሆነ ወገኖቹ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ደረጃ 4 ላይ ምልክቱን አትገልብጡ።
- በእውቀት መሙላት። ስለ ርዕሰ ጉዳዩ ከውጭ የምታውቁት ነገር መልሱን አይወስንም። ዐረፍተ ነገሩ በረዶ ይሞቃል የሚል ሐሳብ ቢያቀርብ እንኳ የምትከተሉት ዐረፍተ ነገሩን ነው።

ልምምዱን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ደብተሩን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ተቃርኖ አመልካቹ፣ ፍንጩ፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት ቃል፣ ትክክለኛው መልስ። ስትሳሳቱ ስሕተቱ ከየትኛው ደረጃ እንደመጣ ከጎኑ ጻፉ። አሉታ አልታየም? መስመሩ ተሳተ? መጠኑ በዛ? ወይስ የቃሉ ትርጉም አይታወቅም ነበር? የመጨረሻው ከሆነ ያ የቃላት ጥናት ጉዳይ ነው፤ ሌሎቹ ግን ዘዴውን በመለማመድ የሚስተካከሉ ናቸው። ስሕተቶቹ አብረው ስለሚታዩ፣ ተማሪዎች ሁሉንም «ቃላት አላውቅም» ብለው ያጠቃልሏቸዋል፤ ደብተሩ ግን ለይቶ ያሳያችኋል። አዲስ ያገኛችሁትን ቃል ከነተቃራኒው ጻፉት፤ «ብሪፍ» ከ«ፕሮትራክትድ» ጋር፣ «ቋጣሪ» ከ«ለጋስ» ጋር። ይህ ዓይነት ጥያቄ የሚፈትነው ጥንዱን ስለሆነ ቃሉን ለብቻው መያዝ ግማሽ ሥራ ነው።

ደረጃዎቹ ሳትቆጥሯቸው መምጣት ሲጀምሩ ሰዓት ያዙ። ጂአርኢ በ2023 እ.ኤ.አ. ከታጠረ ወዲህ የቃል ክፍሉ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ቀጥሎም 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ስለሚሰጥ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ረጃጅም ምንባቦች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ባዶ ቦታ ያለውን ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በታች ለመጨረስ ተለማመዱ። በሌሎቹ ፈተናዎች የተሰጠውን ጠቅላላ ደቂቃ ለጥያቄዎቹ ብዛት አካፍሉና ከሚደርሰው ትንሽ አሳንሱ። በሰዓት ስትሠሩ የሚያጥረው ደረጃ 7 ይሁን፤ ደረጃ 4ንና 5ን ግን አትንኩ።